አስር ዘፈን ለአንድ ፊርማ

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ስደርስ በአንድ እጄ የመፍቻ ሳጥኔን፣ በሌላው አንድ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ይዤ ነበር። ማጉያው የማንም አልነበረም፤ ከሱቃችን ጥግ ያነሳሁት የሞተ ዕቃ ነው። ለጎረቤት "ደምበጫ የቤተ ክርስቲያን ስፒከር ልጠግን ነው፣ ነገ እመለሳለሁ" ብያለሁ። እውነቱን የምታውቀው ባለቤቴ ትብለጥ ብቻ ነበረች። ልጃችን ብርቄ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ተኝታለች። ልስማት ጎንበስ ስል ትብለጥ ክንዴን ያዘችኝ። "ተዋት፤ ከነቃች ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይሰማል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሳልስማት ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ለሚመለከተው ሁሉ ደጋግሜ ተናግሬያለሁና እዚህ አልደግመውም፤ አንዳንድ ነገር በዚህ ርቀትም ሆኖ ያስፈራል።

አውቶቡሱ ደምበጫ ሲቆም ረዳቱ "ወራጅ አለ?" አለ። አልተነቃነቅኩም። መጣና ማጉያውን በእግሩ ነካ አደረገው። ለእሱም መናኸሪያ ላይ ያንኑ ውሸት ነግሬው ነበር።

"ወንድሜ፣ ደምበጫ ነው እኮ። እዚህ አይደል የምትወርደው?"

"ባህር ዳር ይሻላል አሉኝ። እዚያ ጥሩ ባለሙያ አለ።"

"ባለሙያው አንተ አይደለህም እንዴ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጀርባዬ ግን በላብ ርሶ ነበር። ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ ሰው "ወዴት ነህ?" ሲለኝ አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ውሸት ነው።

ከመተማ እስከ ካርቱም፣ ከካርቱም እስከ ባህሩ ያለውን ብዙዎቻችሁ በእግራችሁ ስለምታውቁት አልዘረዝረውም፤ ያልሄደበት ደግሞ ቢነገረውም አያምንም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ባህሩ መሃል የጀልባዋ ሞተር ጠፋ። "ሞተር የሚያውቅ አለ?" ተብሎ በሶስት ቋንቋ ተጠየቀ። እኔ የቴፕና የራዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ሞተር ባላውቅም ሽቦ አውቃለሁ። ነክቼው ባይነሳ በእኔ ያመካኛሉ ብዬ ፈራሁና አንገቴን ደፋሁ። አንድ ኤርትራዊ ወንድም ተነስቶ አንዲት የላላች ሽቦ አጠበቀና አስነሳው። እኔም ላጠብቃት የምችል ሽቦ ነበረች። ይኼን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ጀርመን ገባሁ። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ ስለዚህ ይርሳው መሆኔ ቀረና "ሄር አበጀ"፣ አቶ አበጀ ማለት ነው፣ ሆንኩ። ደብዳቤው ሁሉ የሚመጣው ለአባቴ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ደብረ ኤልያስ ካረፈ ቆይቷል፤ በሕይወት ዘመኑ አንድ ደብዳቤ ሳይደርሰው ኖሮ አሁን በሳምንት ሶስት ይጻፍለታል፣ ያውም ማስጠንቀቂያ። ፖስታው ቢጫ ከሆነ ከመንግሥት ነው፤ ያን ቀን አልከፍተውም። አክብሮታቸውስ ቢሆን! እነሱም አንቱ አላቸው፤ እዚህ አገር ሲያባርሩህም በአንቱታ ነው።

ስለ ብርዱ ስለምትጠይቁኝ፣ የጮቄን ብርድ የቀመሰ ሰው ሌላ ብርድ አይፈራም ብዬ ነበር የመጣሁት። የእኛ ብርድ ጠዋት መጥቶ ረፋድ ላይ ይሄዳል፤ የእነሱ ኅዳር ላይ ይገባና አልወጣም እንዳለ እንግዳ ይቀመጣል። ዳቦው ጥቁርና ጎምዛዛ ነው። ጥቅል ጎመን እስኪኮመጥጥ አቆይተው ይበላሉ፤ እኛ ቢኮመጥጥ ለከብት ነበር የምንሰጠው። ድንቹ ግን ድንች ነው፤ መጀመሪያ የበላሁ ቀን ዕንባዬ መጣ። ሰው ከሰው ደረጃ ላይ ሲገናኝ "ሃሎ" ይልና ያልፋል። እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ከብቱስ፣ ሰብሉስ የሚል የለም። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ነበርኩ ቆሜ መልስ የምጠብቀው።

የመኖሪያ ፈቃድ ሲሰጠኝ ሚስቴንና ልጄን ለማምጣት በሶስት ወር ውስጥ ማመልከት ነበረብኝ። አላወቅኩም። ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን ደብዳቤውን ፈርቼ ሳልከፍተው ፍራሽ ሥር ከትቼዋለሁ። ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ደብዳቤ ክፈቱ። ሶስት ወሩ ካለፈ በኋላ ሕጉ ይከብዳል፤ ቋሚ ሥራ፣ ለሶስት ሰው የሚበቃ ቤት፣ የቤቱ ባለቤት "ይግቡ" ብሎ የፈረመበት ወረቀት ይጠየቃል። ሥራውን መጋዘን ውስጥ አገኘሁ። ቤቱንም አገኘሁ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ብርቄ ሰባት ዓመት ሞላት።

ጉዳዬን የያዘችው ሴትዮ አንድ ቀን አስጠራችኝ።

"ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሰባት።"

"ትንሽ ልጅ ብትሆን ኖሮ ጠባብ ክፍል ይበቃ ነበር። አሁን አድጋለች፤ ካሬው ይጨምራል።"

"ይቅርታ" አልኳት። ልጁ ስላደገች ይቅርታ የጠየቀ አባት ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሁለቱን ክፍሎቼን በወረቀት ላይ ለካች፣ ደመረች። "ለጥቂት ይበቃል" አለች። "የቤቱ ባለቤት ይፈርም። ተርሚንዎ የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ያለ ፊርማ ከመጡ ማመልከቻው ይዘጋል።" ተርሚን ቀጠሮ ማለት ነው። የወረቀቱን ስም አልነግራችሁም፤ ከዳዊት አንድ ስንኝ ይረዝማል።

ቤቱን ያገኘሁት በዘፈን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ማርቆስ ገበያው አጠገብ ጋሽ ሙላት የሚባል ቴፕ ጠጋኝ ነበር፤ ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋሽ ሙላት አንድ መሞከሪያ ካሴት ነበረው፤ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች የውጭ አገር ነርስ ትታው የሄደችው ነው። የተጠገነ ቴፕ ሁሉ የሚፈተነው በዚያ ካሴት መጀመሪያ ባለው ዘፈን ነበር። ከበሮው ጥርት ያለ ነው፣ ቤዙ ወፍራም ነው፣ የዘፋኙም ድምፅ ከሁሉ ፊት ነው፤ ስፒከሩ እንከን ካለበት ወዲያው ይታወቃል። ቃሉን የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስንደርስ ጋሽ ሙላት "ድኗል" ይልና ያጠፋዋል። ስለዚህ ማርቆስ ቴፕ ያስጠገነ ሰው ሁሉ የዘፈኑን መጀመሪያ ያውቀዋል፤ መጨረሻውን የሰማ ግን የለም።

አንድ ያገር ልጅ "ሄር ክራንትስ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ የድሮ አምፕሊፋየሩን ከሠራህለት ክፍል ያከራይሃል" ብሎ ላከኝ። ሄጄ ሠራሁለት። እኔ ዕቃ ሠርቼ ስጨርስ ያን ዘፈን የማንጎራጎር ልማድ አለብኝ፤ እጄ ከመፍቻው ጋር ያገኘው ልማድ ነው። ቀና ስል ሽማግሌው በር ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይኼን ከየት ሰሙት?"

"ከአገሬ፣ ደብረ ማርቆስ።"

"በራዲዮ?"

ምን ልበለው? "በየቴፑ" አልኩት። "ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።"

ውሸት አልነበረም። ሄር ክራንትስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዘፋኙ እሱ ራሱ ነበር። በወጣትነቱ፣ ኒው ዌቭ የሚሉት የኦርጋንና የማሽን ከበሮ ሙዚቃ በገነነበት ጊዜ፣ "የመስታወት በር" የምትል አንዲት ዘፈን አወጣ፤ አገሩ ሁሉ ዘፈናት። ከዚያ አንድ ሙሉ አልበም ሠራ። አልበሙ ወደቀ፤ ሰውየውም ዳግመኛ አልዘፈነም። በዚያችው ቀን ከእሱ ሥር ያሉትን የሁለት ክፍሎች ቁልፍ ሰጠኝ። ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አገር ገጥሞኝ አያውቅምና ፈራሁ፤ ነፃ የሚመስል ነገር ኋላ የሚያመጣውን እግዜር ይወቀው።

ያመጣውን አየሁ። ከቢሮው እንደተመለስኩ ወረቀቱን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁለት። አነበበና መነፅሩን አወለቀ። "ሶስት ሰው" አለ። ቀጥሎ አንድ ሸክላ ከመደርደሪያው አወጣ። "አንዷን ዘፈኔን ያውቃሉ። ይኼን ደግሞ ሰምተው እውነቱን ይንገሩኝ፤ ወረቀቱ እዚህ ይቆይ።"

አስር ዘፈን ነው። የዚያን ዕለት ሰማሁት ልበላችሁ እንጂ አልሰማሁትም፤ ልቤ ወረቀቱ ጋ ነበር። በማግስቱ "ዜር ጉት" አልኩት፤ በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው።

"የትኛው?"

"ሁሉም።"

"አራተኛው ስለ ምንድን ነው?"

አሰብኩ። "ስለ በር" አልኩ።

"ሁሉም ስለ በር ነው፣ ሄር አበጀ።" ፈገግ አላለም። "እርስዎም እንደ ሌሎቹ ነዎት። እሁድ ሶስት የድሮ ጓደኞቼ ይመጣሉ። በደንብ አዳምጠው ይምጡና እዚያ ይንገሩኝ። ከዚያ ስለ ወረቀቱ እንነጋገራለን።"

ያን ሳምንት ከመጋዘን እየተመለስኩ፣ ራሴ በጠገንኩት ማጫወቻ ያን ሸክላ ብቻ ሰማሁ። እውነትም ሁሉም በር ነው። በመስታወት በር ስሙ ስለወጣ "የብረት በር" አለ፣ "የኋላ በር" አለ፣ "ክፍት በር" አለ፤ ስምንተኛው ላይ በር ጨርሶ መስኮት ገብቷል። ከበሮው ያው የመጀመሪያው ዘፈን ከበሮ ነው፣ ትንሽ ፈጠን ብሏል። ኦርጋኑ በየቦታው ይንጫጫል። ሶስት ቀን ሙሉ ችግሩ እሱ ነው ብዬ ነበር። አራተኛው ቀን ላይ ግን እንደ ጠጋኝ ሰማሁት፤ አንዱን ስፒከር ዘግቼ፣ ቤዙን ቀንሼ፣ ሰውየውን ብቻ ፈለግኩት። የመስታወት በሩ ላይ ከሁሉ ፊት የነበረው ድምፅ እዚህ ከከበሮው ጀርባ ቆሟል። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ኦርጋኑ ይመጣና ይሸፍነዋል። ሰውየው ዘፈን አልጠፋበትም፤ ፈርቷል። ፍርሃትን እኔ አውቀዋለሁ። እኔም ቢሮ ስገባ ጀርመንኛዬን የማወራው እንደዚያ ነው፣ ግማሹን አፌ ውስጥ ውጬ።

ቅዳሜ ትብለጥን በስልክ አማከርኳት።

"አመስግነው እንጂ" አለችኝ። "ሽማግሌ ነው። ምስጋና ማንን ገደለ? ፊርማህን ይዘህ ውጣ።"

"አንዴ አመስግኜው ተቆጣ እኮ።"

"አላወቅክበትም ማለት ነው። ይርሳው፣ በዚህ ነገር እንዳትጫወት። እኔ እዚህ ሰው 'መቼ ነው የምትሄዱት' ሲለኝ የምመልሰው አልቆብኛል።" ከዚያ "ብርቄ፣ ነይ አባትሽን አናግሪ" ስትል ሰማሁ። ልጅቷ መጣች፤ እንደ ወትሮው ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማኝ። በዓመት ሶስት አራቴ እንዲህ ትንፋሿን እሰማለሁ። ያስፈራኛል፤ ስለዚህ አቅርቢልኝ ማለቱን ካቆምኩ ቆይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ ያደረግኩትን አትረዱልኝም። ቴፕ ከመማሬ በፊት ደብረ ኤልያስ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። እዚያ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ አዘጋጅቶ ሲመጣ ቆሞ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ለየኔታ ይናገራል። የኔታ ያፈርሱታል። ይኼ ቃል ቦታው አይደለም፣ ይኼ ቤት አይመታም፣ ይኼን ከማን ሰረቅከው ይላሉ። ይኼ ውርደት አይደለም፤ በሰው ፊት የሚታረመው ተስፋ ያለው ተማሪ ነው። ተስፋ የቆረጡበትን "ደግ ነው፣ ሂድ" ነው የሚሉት። "ደግ ነው" የተባለ ልጅ በሳምንቱ ስንቁን ጠቅልሎ ወደ እርሻው ይመለሳል። ታዲያ ሄር ክራንትስ "ሰው ፊት ንገሩኝ" ሲለኝ የተረዳሁት በዚህ መንገድ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሸክላውን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ኬክ አለ። አንዲት ቀይ መነፅር ያደረገች ሴትና ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል። ስለ ማርቆስ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። ሄር ክራንትስ ያን ጊዜ "አልበሙስ?" አለኝ።

ተነሳሁ። የኔታ ፊት ተቀምጦ አይነገርምና እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ከአንደኛው ዘፈን ጀመርኩ። ይኼ የመስታወት በሩ ቅጂ ነው አልኩ። ሁለተኛው የቅጂው ቅጂ ነው። አምስተኛው ላይ ዜማው ጥሩ ነበር፣ ኦርጋኑ ገደለው። ስምንተኛውን ባይዘፍኑት ይሻል ነበር። በመጨረሻ "ድምፅዎ ጥሩ ነው፤ ግን ፈርተው ከከበሮው ኋላ ተደብቀዋል፤ እኔ ፈልጌ ነው ያገኘሁዎት" አልኩት። በተሰባበረ ጀርመንኛ ሲባል ደግሞ ሁሉም ነገር ጭካኔ ይጨምራል፤ ማለስለሻውን ቃል ገና አልተማርኩትም።

ሴትዮዋ ሹካዋን አስቀመጠች። ሄር ክራንትስ ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ ውስጥ ገባ፤ በሩን ዘጋው። ከወንዶቹ አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዛሬ ልደቱ እኮ ነው" አለኝ።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። ሰኞ በጠዋቱ ፈረቃ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስደረድር የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለትብለጥ ምን ብዬ ልንገራት? በሰባት ዓመቷ ካሬ የጨመረችብኝ ልጅ ስንት ዓመት ሲሆናት ነው ሌላ ቤት የማገኘው? ባህሩ ላይ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት በማይገባኝ ቦታ ነው። አሁን ደግሞ መናገር በማይገባኝ ቦታ ተናገርኩ። ከቤት ያስወጣኛል ብዬ ረጅሙን መንገድ ዞሬ ተመለስኩ።

ሄር ክራንትስ ሸክላውን ታቅፎ በሬ ላይ ቆሟል።

"የት ጋ እንደተደበቅኩ ያሳዩኝ" አለ።

አስገባሁት። አምስተኛውን ዘፈን አደረግኩለት፤ አንዱን ስፒከር ዘጋሁ፣ ቤዙን አወረድኩ። ድምፁ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ቀጭን ሆኖ መጣ፤ ይንቀጠቀጣል። ሄር ክራንትስ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማው። ዘፈኑ ሲያልቅ "መልሱት" አለኝ፤ መለስኩት። ሶስት ጊዜ ሰማነው።

"ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር" አለ። "ሁሉም ሌላ የመስታወት በር ይጠብቁ ነበር። ድምፄን ቀንሱት ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሙዚቃው ነው የከፋው ሲለኝ ኖሯል።"

"ይቅርታ፤ ልደትዎ መሆኑን አላወቅኩም።"

"ኬኩም ጥሩ አልነበረም" አለ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን መስመር እንደገና አነበበ። ብዕሩን ይዞ ቀና አለ።

"ልጅቷ ትጮሃለች?"

"ምን አሉኝ?"

"ልጅዎ፣ ረባሽ ናት? እኔ ከላይ ነው የምኖረው።"

አፌን ከፈትኩ። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። "አላውቅም" አልኩት። ሄር ክራንትስ ትንሽ አየኝና ፈረመ።

እሱ እንደወጣ ደወልኩ። በማርቆስ ገና አልመሸም። ስልኩን ያነሳችው ትብለጥ አልነበረችም።

"ሃሎ? እማዬ ወፍጮ ቤት ናት፤ ስልኩን ለኔ ትታው ነው" አለች። ጥርት ያለ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ነው። ብርቄ ናት፤ ይኼን ድምፅዋን ግን ሰምቼው አላውቅም። አባትሽ ነኝ ብላት ዝም ትላለች ብዬ ፈራሁ፤ እንድታወራ ፈለግኩ።

"አባትሽስ?"

"እሱ የለም። ጀርመን ነው።"

"መቼ ይመጣል?"

"አይመጣም፤ እኛ ነን የምንሄደው ትላለች እማዬ። እኔ ግን አልሄድም፤ አያቴ ጋ ነው የምቀረው።"

"ለምን?"

"አላውቀውማ።"

ከኋላዋ በግ ይጮሃል፤ እሷም "ውጣ!" አለችው፤ ጮክ ብላ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ነገ ማክሰኞ ነው። እናቷ ስትመጣ ማን ደወለ ልበላት አለችኝ። ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር።

"ይርሳው ነው በያት" አልኩ።

"የኔም አባት ስሙ ይርሳው ነው" አለችኝ። "እሺ፣ እነግራታለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።